ያልሮጥኩበት አሸዋ

ናይሮቢ ባሕር የላትም። እኛ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈሯ የምንኖር ሐበሾች ግን ስለ ባሕር ስናወራ የሚያህለን የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሞምባሳ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ምግብ ቤታችን ተቀምጦ የሚያዳምጠን እንግዳ፣ የመርከበኞች መዝናኛ የገባ ቢመስለው አይፈረድበትም። የወደብ ጥልቀት፣ የመርከብ ጭነት፣ የጉምሩክ አሠራር፣ የባሕር በር ጉዳይ፣ የማይተነተን የለም። ከመካከላችን አንዱ ዕድሜውን አየር መንገድ አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ባሕርን ያየው ከላይ ነው፤ ያውም በመስኮት፣ ደመና ባልነበረበት ቀን። ሌላው ዌስትላንድስ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ የመግቢያ ካርዱን ቅዳሜም ከአንገቱ የማያወልቅ ሰው ነው። እሱ ደግሞ ስለ ባሕር ሪፖርት ጽፏል።

የሁሉም አለቃ እኔ ነበርኩ። «ካፒቴን» ነው የሚሉኝ። ክርክር ሲጦፍ «እስቲ ባሕሩን የሚያውቀው ይናገር» ይሉና ፊታቸውን ወደ እኔ ያዞራሉ። እኔም ብርጭቆዬን ቀስ ብዬ አስቀምጬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የማላውቀውን ነገር አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

የተወለድኩት አሰብ ነው። ይህ እውነት ነው። አባቴ ወደቡ ላይ የክሬን መካኒክ ነበር። ይህም እውነት ነው። ጣጣው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ አባቴ ሥራ ቀየረና ናዝሬት ገባን፤ ያደግሁትም እዚያው ናዝሬት፣ ከባሕር ጋር ምንም ዝምድና በሌለው አቧራ ውስጥ ነው። ስለ አሰብ የማስታውሰው አንድም ነገር የለም። ሙቀቱን እንኳ የማውቀው እናቴ ስታማርር ሰምቼ ነው።

ውሸቱ በአንድ ቀን አልተሠራም። ናይሮቢ በገባሁ ሰሞን፣ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ግድም፣ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ የማስወጣት ሥራ ጀምሬ ነበር። አንድ ነጋዴ «ለመሆኑ ከዚህ ሥራ ጋር ምን አገናኘህ?» ብሎ ቢጠይቀኝ «እኔኮ ወደብ ላይ ያደግሁ ልጅ ነኝ» አልኩት። ዕቃውን ሰጠኝ። በዚያው ፋሲካ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ከቤታችን ፊት ለፊት አንድ ቀጭን የአሸዋ ምላስ እንደነበረ ጨመርኩ፤ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ወደ ውሃው የሚገባ፣ ወርዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ ብቻ። በዓመቱ እኔና ጓደኞቼ ማለዳ ማለዳ በዚያ አሸዋ ላይ እስከ ጫፉ እንሮጥ ጀመር። በሦስተኛው ዓመት ጫፉ ላይ ቆመን፣ ባሕሩ በሦስት ጎን ከቦን፣ ፀሐይ ከውሃው ውስጥ ስትወጣ እናይ ነበር። ዶልፊኑን የጨመርኩት በአንድ ሰርግ መልስ ላይ ነው። አሁን ሳስበው ዶልፊኑ ያሳፍረኛል።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይኸው ነው። ሰው ሁሉ ደስ እያለው ሰማኝ፣ እኔም ደስ እያለኝ ተናገርኩ፤ ዞር ብዬ ሳይ ከዳር ርቄያለሁ። ሥራዬም አላጋለጠኝም። መርከቡ ሞምባሳ ይደርሳል፣ ኮንቴይነሩ በባቡር ናይሮቢ ይመጣል፣ እኔ ወረቀቴን ይዤ ኤምባካሲ ያለው ደረቅ ወደብ ድረስ እሄዳለሁ። ደረቅ ወደብ የሚባል ነገር የፈጠረልኝ አምላክ ይመስገን፤ እግሬ አንድም ቀን ሳይረጥብ የባሕር እንጀራ በላሁ። ማኅበራችን ሦስት ጊዜ የሞምባሳ ሽርሽር አዘጋጅቷል፣ ሦስቱንም ጊዜ ታምሜያለሁ። ካፒቴን ውሃ ዳር ቆሞ ጫማውን ማውለቅ ሲፈራ ሊታይ ነው እንዴ? እውነቱን የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ናት። ለታመመው ካፒቴን አጥሚት እያመጣች «ዛሬም ባሕሩ ነው ያመመህ?» ትለኛለች።

ችግሩ ልጄ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች። ትንሽ ሆና እንቅልፍ እምቢ ሲላት የአሸዋውን ታሪክ ነበር የማወራላት። አሁን እንግሊዝኛዬ ያሳፍራታል፣ ስልክ አያያዜ ያሳፍራታል፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ጋር የምከራከርበት ስዋሂሊ በተለይ ያሳፍራታል። ጓደኞቿ ቤት ሲመጡ ግን «አባቴ ያደገው ባሕር ላይ ነው» ስትላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሷ ፊት የቀረችኝ ክብር ያቺ አሸዋ ብቻ ነበረች። ያችን ክብር እንዳላጣ ነበር የምፈራው።

የኬንያ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ልጆችን የሚፈትን ይመስላል እንጂ የሚፈተነው ወላጅ ነው። ከዚህ በፊት ለልጄ የቤት ሥራ ከበሮ ሠርቻለሁ፣ ከጆንያ ማስፈራሪያ ሰው ሠርቻለሁ፣ የማዳበሪያ ጉድጓድ ቆፍሬ ከአከራያችን ጋር ተጣልቻለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ልጄ ደብተሯን ይዛ ከፊቴ ተቀመጠች። የቤት ሥራው እንዲህ ነበር፦ ከባሕር ዳር ወደ ውሃ የሚገባ የአሸዋ ምላስ እንዴት እንደሚፈጠር በሞዴል አሳዩ፤ እንዲህ ያለ ቦታ የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁም ጠይቁ።

«አባዬ፣ ክላሱ በሙሉ ጉግል ነው የሚያደርገው» አለችኝ። «እኔ ግን አንተ አለህ። ኢንተርቪው ላደርግህ ነው፣ ሲሪየስ ሁን።»

ሲሪየስ ሆንኩ። ርዝመቱን ጠየቀችኝ፤ «ከዚህ እስከ መስጊዱ» አልኳት። አሸዋው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ጠየቀችኝ፤ «የአሸዋ» አልኳት።

«ዳር ላይ ምን ዛፍ ነበር? ማንግሮቭ?»

ማንግሮቭ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። «ባሕር ዛፍ» አልኳት። ባሕር ዳር ባሕር ዛፍ ካልበቀለ ሌላ ምን ሊበቅል ነው ብዬ።

«ሳዋ፣ እሺ። ታይዱ ሲመጣስ አሸዋው ምን ይሆን ነበር?»

«ምን ሲመጣ?»

«ታይድ። ባሕሩ ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል።»

እዚህ ላይ ነው ጉዴ የፈላው። ልጅ ሆኜ ያየሁት ትልቁ ውሃ አዋሽ ነው፤ አዋሽ ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይጎድላል፣ በቃ። ባሕር በየቀኑ ሄዶ እንደሚመለስ የነገረኝ ሰው አልነበረም። «ባሕር ባሕር ነው» አልኳት በኩራት። «የት ይሄዳል? ማታቱ መሰለሽ እንዴ?»

እስኪርቢቶዋን አንሥታ አየችኝ። «ክዌሊ? እውነት?»

«እዚያ ያደግሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ያልኳትን ቃል በቃል ጻፈችው።

ሞዴሉ የተሠራው ምግብ ቤቱ ጓሮ ነው። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፤ ውሃ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ ባሕር ለመሥራት አይመችም። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ እኛ «እትዬ» የምንላቸው ሴትዮ፣ በቁመቱ ለሁለት የተሰነጠቀ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ሰጡን፤ ጎመን የሚያጥቡበት ነው። እትዬ ስድሳዎቹን ያጋመሱ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸውም አጭር የሆነ ሴት ናቸው። ከማዘዣው መስኮት ጀርባ ተቀምጠው የእኛን የባሕር ጉባኤ ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ሲያዳምጡ አንድም ቀን ቃል ጣል አድርገው አያውቁም። አሸዋውን ከጎረቤት ፎቅ ግንባታ ለመንን፤ ሳውዝ ሲ ውስጥ አሸዋ አይጠፋም።

ልጄ አሸዋውን በርሜሉ አንድ ወገን ላይ ደልድላ፣ ዳሩን መሐል ላይ ወደ ውስጥ አጠፈችው። ይህን ስታደርግ ነው የቅዳሜው ጉባኤ ስኒውን እንደያዘ ወደ ጓሮ የወጣው።

«ወደቡ የት ሊሆን ነው?» አለ የአየር መንገዱ ጡረተኛ።

«ወደብ የለም፣ አንክል» አለችው። «ሳንድ ስፒት ነው፣ የአሸዋ ምላስ።»

«ወደብ ከሌለው ባሕሩ ምን ያደርግልናል?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማስቆም የሚችል ሰው አልነበረም። ጡረተኛው የክብሪት ቀፎ አምጥቶ ኮንቴይነር ደረደረ። የድርጅቱ ሰው በጥርስ መፋቂያ እንጨት አጥር አጠረ፤ ውሃ ሳይገባ ጉምሩክ ቤቱ ተሠራ፤ ጉምሩኩን ማን ያስተዳድረው በሚለው ላይ ሁለቱ ተጣሉ። እኔም ካፒቴን ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ ክሬን ያስፈልጋል ብዬ ሹካ ተከልኩ። ልጄ እጇን አጣምራ ጠበቀችን። ስንጨርስ «አሁን ዘወር በሉልኝ፣ ፕሊዝ» አለችና ከባልዲው ውሃ ቀዳች። ከዚያ የእትዬን መክተፊያ በሰያፍ ይዛ ውሃውን ቀስ እያለች መግፋት ጀመረች።

መጀመሪያ የሄደው ጉምሩክ ቤቱ ነው። ቀጥሎ የክብሪት ቀፎዎቹ ተንሳፈፉ፤ ሹካዬም ተንጋለለች።

«ወደቡ ሄደ» አለ ጡረተኛው፣ ፊቱ ላይ እውነተኛ ሐዘን እየታየ።

«የዲዛይን ችግር ነው» አለ የድርጅቱ ሰው። «በሁለተኛው ምዕራፍ ይስተካከላል።»

ልጄ አልሰማቻቸውም። መግፋቷን ቀጠለች። ውሃው በሰያፍ ይመጣል፣ ቀጥ ብሎ ይመለሳል፤ በመጣ ቁጥር ትንሽ አሸዋ ወደ ጎን ይዞ ይሄዳል። ብዙ ቆመን አየን። ዳሩ ወደ ውስጥ የታጠፈበት ቦታ ሲደርስ ግን አሸዋው አብሮ አልታጠፈም። እንደ አመጣጡ ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው ገባ። መጀመሪያ የጥፍር ያህል ነበር፣ ቆይቶ የጣት ያህል ሆነ፤ አንድ ጫፉ መሬት የያዘ፣ ሌላው ጫፉ ውሃ ውስጥ ያለ ቀጭን የአሸዋ ምላስ። ስለ አሸዋ ምላስ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሳወራ ኖሬ፣ አንዱን በዓይኔ ሳይ እስከማስታውሰው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ጎመን ማጠቢያ ውስጥ።

«አየህ፣ አባዬ? ጫፉ ሁልጊዜ አዲሱ ነው» አለችኝ። ከዚያ አንድ ጆግ ውሃ ጨመረች። ምላሱ ሰጠመና ጠፋ። «ይሄ ሃይ ታይድ ነው። እናንተ ጠዋት ጠዋት ስትሮጡ ግን ሁልጊዜ ከውሃ በላይ ነበር?»

ሁሉም ፊታቸውን ወደ ካፒቴኑ አዞሩ።

«የኛ ባሕር ጨዋ ነበር» አልኩ።

ጓሮው በሳቅ ተናጋ። እሷ አልሳቀችም። ጉምሩክ ውስጥ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ክብደት ከዕቃው ጋር አልገጥም ሲላት ቀና ብላ የምታየኝ አንዲት ኦፊሰር አለች፤ ልክ እንደዚያች ኦፊሰር አየችኝና ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላየሁም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። የልጅዎ ኢንተርቪው በጣም ስለማረከን፣ ዓርብ ክፍል መጥተው በሪሶርስ ፐርሰንነት፣ ማለትም ጉዳዩን እንደሚያውቅ እንግዳ፣ ለተማሪዎች እንዲያወሩ እንጋብዝዎታለን ይላል። ልጄ ደብዳቤውን ስትሰጠኝ «ቲቸር ያደገችው ኮስት ላይ ነው፣ ላሙ ደሴት» አለችኝ። «ኩዌስሽንስ አሏት።»

የአንድ ትዳር ዕድሜ የሚያህል ጊዜ ከሞምባሳ ሸሽቼ ኖርኩ፤ ባሕሩ ራሱ ተነሥቶ ሳውዝ ሲ ድረስ መጣብኝ።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ለምን እሳቸው ዘንድ እንደሄድኩ አላውቅም። ምናልባት ያን ሁሉ ዓመት ምንም ስላላሉኝ ይሆናል። መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ ነበር።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር።»

«ስለ ባሕሩ ነው?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና ከአሰብ መቼ እንደወጣን፣ ምንም እንደማላስታውስም ነገርኳቸው።

«እኔ አሰብ ዘጠኝ ዓመት ሻይ ሸጫለሁ፣ ልጄ። ወደቡ በር ላይ። የገባሁት እናንተ ከወጣችሁ ከዓመታት በኋላ ነው፤ አባትህንም አላውቃቸው። አሸዋውን ግን አውቀዋለሁ።» አንዲት ጠጠር ከምስሩ መርጠው ጣሉ። «ባሕር ዛፍ አልካት አሉ። አሰብ ላይ ዛፍ? ጥላ እንኳ ተከራይተን ነበር የምንቀመጠው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልህ? ሰው መሐል ላዋርድህ? ሚስትህ አጠገብህ ተቀምጣ?» ከዚያ ትከሻቸው ተነቃነቀ፤ ሲስቁ እንዲህ ናቸው። «ዶልፊኑን የጨመርክ ቀን ግን ወጥ አርሮብኛል።»

ይሉኝታ የሚሉት የኛ ነገር ሁለት ወገን አለው። እኔን እውነቱን እንዳልናገር አሰረኝ፣ እሳቸውን ውሸታም እንዳይሉኝ አሰራቸው፤ ሁለታችንም በአንድ ገመድ ታስረን አሥራ አምስት ፋሲካ አብረን በላን። ሌላ አገር ቢሆን በመጀመሪያው ቅዳሜ ተጋልጬ፣ ተስቆብኝ፣ ተገላግዬ ነበር።

እትዬ ስለ አሸዋው ነገሩኝ። ጠዋት ባሕሩ ሸሽቶ አሸዋው ራቁቱን የሚቀርበት ቀን ነበረ፤ ያኔ እሳቸውና ጓደኞቻቸው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እግራቸውን ሊያቀዘቅዙ እስከ ጫፉ ይሄዱ ነበር። የሚያስፈራው መመለሱ ነው አሉኝ። «አላዋቂ ሰው ፊት ለፊቱን ያያል። ውሃው ግን ሲመለስ ከኋላህ ነው የሚሞላው። ጫፉ ላይ ቆመህ ስትዝናና የመጣህበት መንገድ ጠፍቶ ታገኘዋለህ።»

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል። ዓርብ አብረውኝ ትምህርት ቤት እንዲመጡ ለመንኳቸው።

«እመጣለሁ» አሉ። «አንተ ግን አስቀድመህ ለልጅህ እውነቱን ንገራት።»

እሺ አልኩ። አልነገርኳትም። ረቡዕ ልነግራት ተነሥቼ ፈተና ነበረባት፤ ሐሙስ ልነግራት ተነሥቼ እኔ ነኝ የፈራሁት። በመጨረሻ ያልኳት «እትዬም ለካ አሰብ ነበሩ፤ ዓርብ አብረውኝ ይመጣሉ፤ እንዲያውም እሳቸው ናቸው የሚናገሩት፣ ትልቅ ሰው ይቅደም» የሚል ነው። በጨዋነት የተሸፈነ ፈሪነት ማለት ይህ ነው።

ዓርብ እትዬ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ክፍሉ ግድግዳ ላይ የልጆቹ ሥራ ተለጥፏል። የልጄ ከመስኮቱ አጠገብ ነው፤ በሰማያዊና በቢጫ የሳለችው የአሸዋ ምላስ፣ በቀስት የተመለከተ የሞገድ አመጣጥ፣ ከሥሩ ደግሞ የኔ ኢንተርቪው። ባሕር ዛፉ አለ። ማታቱው አለ። ከሁሉም በታች፣ በትንሹ በንጹሕ የእጅ ጽሑፏ፣ «ምንጭ፦ አባቴ (አልተረጋገጠም)» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፏል።

ያን ቀን ጓሮ ውስጥ ደብተሯ ላይ የጻፈችው ይህ ነበር። ቆሜ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ልጄ ውሸታም ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን እንደ ሰው አክብራ፣ ቅንፍ ውስጥ አስቀመጠችኝ።

«ምን ይላል?» አሉኝ እትዬ፣ ፊቴን አይተው።

ተረጎምኩላቸው። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ወደ ወንበራቸው ሄዱ።

እትዬ በአማርኛ ይናገራሉ፣ ልጄ አጠገባቸው ቆማ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች። ስለ ሙቀቱ አወሩ፣ ስለ ሻዩ አወሩ፣ ውሃው ከኋላ እንደሚሞላ ሲናገሩ መምህርቷ «ክዌሊ ካቢሳ!» ብላ በእጇ ጠረጴዛዋን መታች፤ እውነት ነው ማለቷ ነው፤ ላሙም እንዲሁ ነው አለች። ልጆቹ ፀጥ ብለው ሰሙ። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ የልጄን አባት እዚያ አይተውት ያውቃሉ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ልጄ ጥያቄውን ወደ አማርኛ ስትመልስ ድምፅዋ ቀነሰ። እትዬ እኔን አላዩኝም። ያዩት ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ነበር።

«አይቼዋለሁ እንጂ» አሉ። «አባቱ በትከሻው ተሸክሞት እስከ አሸዋው ጫፍ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ሕፃን ነበር። ምን የመሰለ ልጅ!»

ልጄ ወዲያው አልተረጎመችውም። ዞር ብላ አየችኝ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች እንቅልፍ እምቢ ሲላት ታየኝ እንደነበረው። ከዚያ ለክፍሉ በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው፣ ቃል በቃል፣ ትከሻውንም ጨምራ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

እትዬ ውሸታቸውን ነው፤ እሳቸው አሰብ ሲገቡ እኛ ናዝሬት ቤት ተከራይተን ነበር። ያደረጉት ሌላ ሳይሆን አሥራ አምስት ዓመት ያደረጉትን ነው፤ ሰው ፊት አላዋርድም አሉ። ግን ትከሻውን ከየት አመጡት? ስለዚያ ትከሻ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም ቢሆን።

ስንወጣ ልጄ ቦርሳዋን ልታነሣ ወደ ኋላ ቀረች። በመስኮቱ አየኋት። እስኪርቢቶ አውጥታ ቅንፉን ሰረዘችና «ተረጋግጧል» ብላ ጻፈችበት።

ቤት እንደገባን የሰነድ ቦርሳዬን ከቁም ሣጥኑ አወረድኩ። ጊዜያቸው ያለፈ ፓስፖርቶች፣ የልደት ወረቀት፣ የአባቴ የሥራ መታወቂያ አሉበት። ከመታወቂያው ጀርባ አንድ ፎቶግራፍ አለ። አሥራ አምስት ዓመት የደበቅኩት እሱን ነው፤ ያጋልጠኛልና። ልጄን ጠርቼ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ናዝሬትን፣ አዋሽን፣ ሦስቱን የሞምባሳ በሽታዎች፣ ዶልፊኑን። እትዬም እኔን ሊያድኑ ብለው እንጂ እንዳላዩኝ ነገርኳት።

«ስለዚህ እሳቸውም ዋሹ?»

«ዋሹ አይባልም» አልኩና ላስረዳት ሞከርኩ። ይሉኝታን በአማርኛ ጀምሬ፣ በእንግሊዝኛ ተሰናክዬ፣ በስዋሂሊ ተውኩት። አፍሬ ነበር፤ ስለ እኔ ብለው የዋሹት እትዬም አሳዘኑኝ። «ይኸውልሽ» ብዬ ፎቶውን ሰጠኋት።

ፎቶው ላይ አባቴ የሥራ ቱታውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በሚያስኬድ ቀጭን አሸዋ ጫፍ ላይ ቆሟል። ባሕሩ በሦስት ጎን ከቦታል። ትከሻው ላይ አንድ ሕፃን ተቀምጧል፤ ሁለት እጁን አባቱ ፀጉር ውስጥ ቀብሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን እስከ ጉሮሮው ከፍቶ።

ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው።

«ይሄ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እያለቀስክ ነው።»

«ውሃውን ፈርቼ ነው።»

«እትዬ ይሄን አይተውታል?»

«ማንም አላየውም። አባት ሁሉ ልጁን ይሸከማል ብለው ገምተው ነው።»

ሳቀች። በኔ ላይ ነው የሳቀችው፤ እኔም ሳቅሁ፣ ዓይኔ ግን ረጠበ። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ፣ ሰኞ ወስዳ ግድግዳው ላይ የምትለጥፈውን አዲስ ወረቀት መጻፍ ጀመረች። በትከሻዋ በኩል አነበብኩት። «ምንጭ፦ አባቴ። እዚያ ነበረ። አልሮጠም።»

«ከዚያ ወዲህ ባሕር አላየህም?» አለችኝ ሳትዞር።

«አላየሁም።»

«ሞምባሳ ባቡር አለ፣ አባዬ። እትዬንም እንወስዳቸዋለን። ሎው ታይድ ሲሆን እስከ ጫፉ አብሬህ እሄዳለሁ።» ፎቶውን መልሳ ሰጠችኝ። «በትከሻዬ ግን አልሸከምህም።»